ሰልፉን የሠራው ካርታው ነው

አዲስ አበባ ውስጥ ስለ ትራንስፖርት የተጀመረ ወሬ ሁሉ ሁለት ምክር ላይ ደርሶ ይቆማል፤ አውቶቡስ ይጨመር፣ መንገድ ይስፋ። ባለሥልጣኑ በመግለጫው፣ ጋዜጠኛው በዜናው፣ ሰልፍ ላይ የቆመው ተሳፋሪም በምሬቱ ይህንኑ ይላል። ይህን ያህል አውቶቡስ አገር ውስጥ ገባ፣ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር አስፋልት ተመረቀ የሚል ዜና ሳንሰማ የምንከርምበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሪባኑ ይቆረጣል፣ ይጨበጨባል። በማግስቱ ማለዳ መገናኛና ሜክሲኮ፣ ሳሪስና ጦር ኃይሎች ላይ የሚታየው ሰልፍ ግን እንደነበረ ነው።

ሁሉም የተስማማበትን ነገር መቃወም እልኸኛ ያስመስላል። ቢያስመስልም እላለሁ፤ የዚህች ከተማ የትራንስፖርት ሕመም ሥሩ የመኪና ማነስ ወይም የአስፋልት መጥበብ ሳይሆን ርቀት ነው። ርቀቱም ከሰማይ የወረደ አይደለም። ቤት የት ይሠራ፣ መሥሪያ ቤት የት ይቁም፣ ማን ከየት ተነስቶ የት ይስፈር ብሎ የሚወስን እጅ ፈጥሮታል። ያ እጅ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ጉዳዩ ወደ ትራንስፖርት ቢሮ ይመጣና «በሉ እንግዲህ አመላልሱ» ይባላል። ትራንስፖርት ቢሮው የቱንም ያህል ቢተጋ ያንን ውሳኔ በአውቶቡስ ሊያስተካክለው አይችልም።

እስቲ በምሳሌ እናስላው። ሠራተኛ የሚጎርፍበት የጠዋቱ ጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ነው እንበል። ከከተማዋ ዳርቻ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቦሌ አራብሳ፣ መሃል ከተማ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ብናደርገው፣ በዚያ መጨናነቅ ውስጥ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ አውቶቡስ ለመሄድ ብቻ 80 ደቂቃ ይፈጅበታል። ባዶውን ተመልሶ ለመድረስ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምሩለት። በቃ፣ ማለዳው አለቀ። ያ አውቶቡስ ለዕለቱ ጠዋት ያነሳው አንድ ዙር ሰው ብቻ ነው። ይኸው አውቶቡስ 5 ኪሎ ሜትር ለሚርቅ ሰፈር ቢመደብ ግን ደርሶ መልሱ 35 ደቂቃ ስለሚሆን በዚያው ጊዜ ውስጥ አራት ዙር ይጭናል። የሚያቃጥለው ነዳጅ እንኳ በሁለቱም መንገድ የ40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሾፌሩም ያው ሾፌር ነው። ሰዉን አራት እጥፍ ያራቀ ውሳኔ ከአራት አውቶቡስ ሦስቱን እንደ ሰረዘ ቁጠሩት። በውጭ ምንዛሪ የሚገዛው አዲስ አውቶቡስ ታዲያ ያንን ስርዝ ለመሙላት የሚገባ ነው። እየገባ ሳለ ደግሞ ከዚያ የራቀ አዲስ የመኖሪያ ሳይት ይከፈታል።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። ምኒልክና ጣይቱ ከተማዋን ሲቆረቁሩ እያንዳንዱ መኳንንት በተሰጠው ቦታ ላይ ጭፍራውን፣ ባለሙያውንና አገልጋዩን ይዞ ሰፈረ፤ ደጃች ውቤ ሰፈርና ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ትራፊ ናቸው። ሀብታምና ድሃ አጥር ተጋርተው ይኖሩ ስለነበር ሥራውና ሠራተኛው ብዙ አይራራቁም ነበር። ደርግ በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወርስ ከዚያ የተረፈው የቀበሌ ቤት በኪራዩ ርካሽነት ድሃውን መሃል ከተማ ላይ አቆየው። ቤቱ ቤት እንዳልነበረ አውቃለሁ። ጣሪያው ያፈሳል፣ መጸዳጃው የጋራ ነው፣ ግድግዳውን የያዘው ማገር በስብሷል። ነዋሪው ግን ከዚያ ተነስቶ በእግሩ መርካቶ ይደርሳል፣ በእግሩ ፒያሳ ይወጣል። የከተማዋ የራሷ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጉዞ በእግር እንደሚደረግ ሲገልጹ የኖሩት በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ከፍተኛ ቁጥር ብዙ ጊዜ የድህነት ምልክት ተደርጎ ይነበባል። እኔ የማነበው እንደ ሀብት ነው፤ ሌሎች ከተሞች በብዙ ገንዘብ ሊፈጥሩት የሚጥሩት ቅርበት በእጃችን ነበር።

ኮንዶሚኒየሙ የመጣው በዚህ ላይ ነው። በአርከበ ዕቁባይ የከንቲባነት ዘመን የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም ለዚህች ከተማ ከተደረጉ ትልልቅ ነገሮች አንዱ ነው፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳይቶች ልብ ብላችሁ ካያችኋቸው ክፉ ቦታ ላይ አይደሉም። ገርጂ፣ ጎተራና ልደታ ከሥራና ከገበያ ያልተቆረጡ ናቸው። እየቆየ ግን ብሎኮቹ እየራቁ ሄዱ፤ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ዳር ያለ መሬት ርካሽ ነው። ለማን ርካሽ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ከእርሻው የተነሳው ገበሬ በሕይወቱ ከፍሎበታል። ቤቱ በዕጣ የደረሰው ሰው ለሠላሳ ዓመት በየቀኑ በሰዓቱና በኪሱ ይከፍልበታል። ከተማዋም በውኃ መስመር፣ በመብራት ምሰሶና በአውቶቡስ ድጎማ ትከፍልበታለች። ርካሽ የመሰለው የመጀመሪያው ቀን ደረሰኝ ብቻ ስለታየ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ግን ቤቱ የሚታደልበት ዕጣ ነው። በ2005 ዓ.ም. ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ለቤት ተመዘገበ። ሲመዘገብ ስንት ይቆጥባል፣ ስንት መኝታ ይፈልጋል፣ ባለትዳር ነው ወይስ ላጤ ተብሎ ተጠየቀ። ዕጣው ሲወጣ ለሴቶች 30 በመቶ፣ ለመንግሥት ሠራተኞች 20 በመቶ፣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ቅድሚያ ተሰጠ፤ መልካም ነው። ሥራህ የት ነው፣ ልጆችሽ የሚማሩት የት ነው የሚለው ግን ዕጣው ውስጥ ቦታ አላገኘም። ማሽኑ ስም ያወጣል፣ ብሎክ ያወጣል፣ ሕይወት ይደለድላል። መርካቶ ጨርቅ የምትሸጠው የካ አባዶ ይደርሳታል፣ አያት አካባቢ የሚያስተምረው ጀሞ ይደርሰዋል፤ ጠዋት ጠዋት በተቃራኒ አቅጣጫ ከተማዋን ሰንጥቀው ይተላለፋሉ። ቢለዋወጡ ሁለቱም ይገላገሉ ነበር። ነገር ግን የኮንዶሚኒየም ቤት አምስት ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። ስለዚህ ብዙ ባለዕጣ የማያዋጣውን ቤት ያከራይና እሱ ራሱ ሥራው አጠገብ ጠባብ ክፍል ይከራያል። ቤት ለሌለው ቤት እንዲሰጥ የታሰበው ፕሮግራም የቤት ባለቤቱን መልሶ ተከራይ አደረገው።

ዕጣ ፍትሐዊ ነው የሚል መልስ ይሰጠኛል። በሙስና ከሚሰጥ ይሻላል፣ እውነት ነው። ዕጣው በሳይት ተከፍሎ፣ አመልካቹ ከሦስት አቅጣጫ አንዱን እንዲመርጥ ተደርጎ ቢወጣ ፍትሑ የቱ ላይ ይጎድል ነበር? አንዲት ተጨማሪ ጥያቄ ፎርም ላይ ማስገባት አንድ አውቶቡስ ከመግዛት ይቀላል።

ቤቱ ወደ ዳር ሲሄድ ሥራው አብሮ ቢሄድ ነገሩ በቀለለ። ሰነዱማ ይህን ብሏል። ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም. እንዲያገለግል የጸደቀው መዋቅራዊ ፕላን ከተማዋ ብዙ ማዕከላት እንዲኖሯት፣ በብዙኃን ትራንስፖርት መስመሮች ዙሪያም ጠጋ ብላ እንድትሠራ ያስባል። መሬቱ የተሰጠው ግን ሌላ ፕላን የተነበበ ይመስል ነው። ሰንጋ ተራን ተመልከቱ። የባንክና የኢንሹራንስ ዋና መሥሪያ ቤቶች ትከሻ ለትከሻ እዚያው ቆመዋል፤ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃም እዚያው አካባቢ ነው። እነዚያን ፎቆች የሚሞላው ገንዘብ ቆጣሪ፣ ጥበቃ፣ ጽዳት ሠራተኛና ሻይ አፍዪ የት ያድራል? ያው መሬት አስተዳዳሪ ለባንኩ ሰንጋ ተራን፣ ለሠራተኛው ቱሉ ዲምቱን ሰጥቶ ሲያበቃ፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ጉድጓድ አንበሳና ሸገር አውቶቡስ እንዲሞሉት ይጠብቃል። ጠዋት ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሞልቶ ይሄዳል፣ ባዶውን ይመለሳል፤ ማታ ደግሞ ግልባጩ። ሥራና መኖሪያ ተቀላቅለው ቢሆን አውቶቡሱ በደርሶ መልሱም ሰው ይጭን ነበር።

ባቡሩን ሳላነሳ አላልፍም፤ ምክንያቱም ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረው እርሱ ነው። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በሁለት መስመር 34 ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል፣ 39 ጣቢያዎች አሉት። ዛሬ ስለ ባቡሩ የሚነሳው ክርክር ሁሉ መለዋወጫ ላይ ያተኩራል፤ ከተገዙት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በዕቃ እጥረት ቆመው ከርመዋልና። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ዋናውን ጥያቄ ግን ይሸፍነዋል። 41ዱም አንድም ቀን ሳይበላሹ ቢሮጡ ኖሮስ?

መልሱን ለማግኘት ሐዲዱ የሚያበቃበትን ቦታ ማየት ይበቃል። በምሥራቅ አያት ላይ ይቆማል፤ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ከዚያ ወዲያ ናቸው። በደቡብ ቃሊቲ ላይ ይቆማል፤ ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ከዚያም ወዲያ ናቸው። ሐዲዱም ብሎኮቹም በአንድ ዘመን፣ በአንድ መንግሥት የተሠሩ ናቸው። ሁለቱን ፕሮጀክቶች የሚመሩት ሰዎች አንድ ቀን አብረው ቡና ቢጠጡ ኖሮ ወይ ሐዲዱ ይረዝም ነበር፣ ወይ ቤቶቹ ይቀርቡ ነበር። አሁን ግን ነዋሪው ከቤቱ ባጃጅ ወይም ታክሲ ይዞ ባቡር ጣቢያ ይደርሳል፣ ባቡሩን ይጠብቃል፣ ከባቡሩ ወርዶ ሌላ ታክሲ ይሰለፋል። ሦስት ጊዜ ተሰልፎ ሥራ ለሚገባ ሰው የባቡሩ ፍጥነት ምን ይቀይርለታል?

በሐዲዱ ግራና ቀኝስ ምን አለ? በብዙ ቦታ አጥር። በሲኤምሲ በኩል በጥበቃ የተዘጉ መንደሮች ከመኪና ማቆሚያቸው ጋር ጣቢያውን ጀርባ ሰጥተው ተቀምጠዋል። በዚያ መስመር ላይ ሊሰፍር ይገባ የነበረው መኪና የሌለው ሰው ነበር። መኪና ያለው ባቡር አጠገብ፣ መኪና የሌለው ከባቡር ማዶ፤ ካርታው ተገልብጦ የተያዘ ይመስላል። ሆንግ ኮንግ የባቡር ድርጅቱ በጣቢያዎቹ ላይና ዙሪያ ቤትና ሱቅ እንዲያለማ መብት ተሰጥቶት ከዚያ በሚያገኘው ገቢ ሐዲዱን ይዘረጋል፣ ይጠግናል። እዚህ ባቡሩ ያናረው የቦታ ዋጋ ለባቡሩ መለዋወጫ የሚመለስበት ሥርዓት ሲበጅ አላየንም። የብራዚሏ ኩሪቲባ ደግሞ ሐዲድ የምትዘረጋበት ገንዘብ እንኳ አልነበራትም። በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ባወጣችው ፕላን ረጃጅም ሕንፃ የሚፈቀድባቸውን መስመሮች ለየች፤ በ1974 አውቶቡሱን በእነዚያው መስመሮች ላይ ለብቻው በተለየ መንገድ አስገባች። ከአውቶቡሱ በፊት የመሬት ሕጉ ቀደመ። ከዊንጌት ጀሞ ይዘረጋል ተብሎ ለዓመታት ሲወራለት የቆየው የእኛ ፈጣን አውቶቡስም በግራና በቀኙ ምን እንደሚሠራ አስቀድሞ ካልተወሰነ ከባቡሩ የተሻለ ዕድል አይገጥመውም።

ስለ መንገድ ማስፋት ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ቀለበት መንገዱ ለብቻው በቂ ምስክር ነው። ከባድ መኪና ከተማውን ሳይነካ እንዲያልፍ በ1990ዎቹ ተሠራ። ብዙም ሳይቆይ ከተማዋ ዘልላው ሄደች፤ መሬቱ በግራና በቀኙ ታደለ፣ መንገዱም እንደ ማንኛውም የከተማ ጎዳና ተጨናነቀ። ሰፈር ከሰፈር የቆረጠው አጥሩ ግን ቀረ። ድልድይ ፍለጋ ሩቅ መሄድ ያልቻለ ሰው አጥር ዘልሎ ያቋርጣል። በዚህች ከተማ በመኪና አደጋ ከሚሞተው ሰው አብዛኛው እግረኛ ነው።

የነዳጅ መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ተከልክሎ የኤሌክትሪክ መኪና በር ሲከፈትለት ደግሞ ችግሩ እንደ ተፈታ የቆጠሩ አሉ። ለሳንባችንና ለውጭ ምንዛሪያችን ደግ ነው። ነገር ግን ባትሪ የያዘ መኪናም መንገድ ላይ የሚይዘው ቦታ ነዳጅ ከያዘው አያንስም። ጭስ የሌለው ሰልፍም ሰልፍ ነው።

አሁን ወደ ኮሪደር ልማቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙ ወዳጆቼ ይቆጣሉ፤ ምክንያቱም የማይካድ ውበት አለው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በቦሌና በካዛንቺስ የተዘረጉት ሰፋፊ የእግረኛ መንገዶችና የብስክሌት መስመሮች ይህች ከተማ ለእግረኛ ሰጥታው የማታውቀው ክብር ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ ለጥቂት ሰዓት መኪና የተዘጋበትን አስፋልት ያየ ሰው፣ አሁን ለእግረኛው ቋሚ ቦታ ሲሰጠው ቢደሰት አይፈረድበትም። እኔም ተደስቻለሁ። ግን በዚያ መንገድ ላይ በእግሩ ሥራ ይሄድ የነበረው ሰው የት ነው? የፒያሳና የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ መሰሎቹ ዳርቻዎች ሄደ። የእግረኛ መንገዱ መጣ፣ እግረኛው ሄደ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

የተሰጠው ቤት ከፈረሰው ይሻላል ይባላል። ለብዙዎች ይሻላል፤ የራስ መጸዳጃና የራስ ኩሽና ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን ካዛንቺስ በር ላይ ሽንኩርትና ቃሪያ ትሸጥ ለነበረች እናት ደንበኞቿ ከቤቱ ጋር አብረው አልተሰጧትም። ለቀን ሥራ ከንጋቱ 11 ሰዓት የሚወጣው ልጅ የመጓጓዣ ወጪው ከቀን ክፍያው ላይ ይቀነስበታል። ማታ ፈረቃ ያላት ሴት ከመጨረሻው ታክሲ በኋላ በምን ትመለስ? በእግር ይሄድ የነበረ ሰው በአንድ ጊዜ የአውቶቡስ ጥበቃ ሰልፈኛ ሆነ፤ ለትራንስፖርት ቢሮው ደግሞ ማንም ሳያማክረው አዲስ ተሳፋሪ ተጨመረለት። ከዚያም «የትራንስፖርት ፍላጎት በጣም አደገ» የሚል ሪፖርት ይጻፋል። ፍላጎቱ አላደገም። እኛው አመረትነው።

የሚቀርብልኝ ዋናው መከራከሪያ መሃል ከተማ መሬት ውድ ነው፣ ለድሃ ቤት የሚሆን ቦታ የለም የሚለው ነው። በሌላ አገር ቢሆን እሰማው ነበር። ናይሮቢ ወይም ለንደን ያለ ፕላን አውጪ ከሺህ የመሬት ባለቤት ጋር ይሟገታል፣ ይገዛል፣ ይከሰሳል። በእኛ አገር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ በሊዝ የሚያቀርበውም ከተማው ራሱ ነው። ቤት የሚሠራው መንግሥት፣ መንገድ የሚሠራው መንግሥት፣ ሐዲዱም አውቶቡሱም የመንግሥት ናቸው። ውድ ነው የሚለው ዋጋ የወጣው በራሱ ጨረታ ነው። ይህን ሁሉ በአንድ እጁ የጨበጠ አስተዳደር «መቀናጀት አልቻልንም» ሲል አላምነውም። ለሆቴልና ለባንክ የተገኘ ቦታ ለአራት ፎቅ የሠራተኛ መኖሪያ ይታጣል ብሎ የሚያሳምነኝ የለም። ልደታና ጎተራ ቆመው ይመሰክራሉ።

ችግሩ የአቅም ሳይሆን የአቆጣጠር ይመስለኛል። ቤት የሚሠራው ክፍል በዓመቱ መጨረሻ የቤት ብዛት ይቆጥራል፣ መንገዶች ባለሥልጣን ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፣ ትራንስፖርት ቢሮ አውቶቡስ ይቆጥራል፣ መሬት አስተዳደር የሊዝ ገቢ ይቆጥራል። ሁሉም ዕቅዳቸውን መቶ በመቶ አሳክተው ሊሸለሙ ይችላሉ። አንዲት ሠራተኛ ከቤቷ ሥራዋ ለመድረስ የሚፈጅባትን ደቂቃ የሚቆጥር ግን የለም። ከተማዋን የከበበው የሸገር ከተማ ከተመሠረተ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ተወሳስቧል፤ ብዙ ሰው የሚያድረው በአንዱ አስተዳደር፣ የሚሠራው በሌላው ሆኗል።

ስለዚህ የምጠይቀው አውቶቡስ አይደለም። ቤት ለዕጣ ወይም ለተነሺ ከመቅረቡ በፊት፣ ከሳይቱ ተነስቶ ዋና ዋና የሥራ ቦታዎች ለመድረስ ስንት ደቂቃና ስንት ብር እንደሚፈጅ በይፋ ይውጣ። የማያቋርጥ የአውቶቡስ መስመር ያልተመደበለት ሳይት ቁልፍ አይረከብበት። አመልካቹ ሥራው ወዳለበት አቅጣጫ እንዲመዘገብ ይፈቀድለት፤ ቤቱ የደረሰውም በሕጋዊ መንገድ መለዋወጥ ይቻለው። በባቡሩ ጣቢያዎች ዙሪያ ያለው ቀሪ መሬት መኪና ለሌለው ሰው ቤት ይሁን። የአሁኑ መዋቅራዊ ፕላን ዘመኑ በ2019 ዓ.ም. ያበቃል። ተተኪው ሲረቀቅ የትራንስፖርት ሰዎች መሬት በሚደለደልበት ጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ፤ ያለ እነርሱም ፊርማ አንድም ብሎክ አይመደብ።